«ባዳ ና፣ ውሃ ጠጣ»፦ የፖሊመርን ምዕራፍ ለመያዝ የትኛው ዘዴ ይሻላል?

ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ ማጥናት ራሱን የቻለ ትግል ነው። ፋኑ ይሽከረከራል፣ ደብተሩ ይገለበጣል፣ ዓይን ይከደናል። ስለዚህ ሰፈር ውስጥ የማስጠናቸው የ12ኛ ክፍል ልጆች የሚመጡት ፀሐይ ከወረደች በኋላ ነው። ግቢው ላይ ውሃ እንረጫለን፣ ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ እንጀምራለን። ኬሚስትሪው ፖሊመር ላይ ሲደርስ በየዓመቱ ያው ጥያቄ ይመጣል። «አቦ፣ ይሄን ሁሉ ስም በምን እንያዘው?»

ምክር ሰጪ ደግሞ ሞልቷል። ታላቅ ወንድም የመጀመሪያ ፊደሎችን ሰብስቦ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል። ጓደኛ «ካርድ ሥራ» ይላል። ቪዲዮ ያየው «በሐሳብህ ቤት ውስጥ እየዞርክ አስቀምጠው» ይላል። ሁሉም ለራሱ እንደሠራለት ይምላል። ልጁ ግን አንዱን ጀምሮ ወደ ሌላው ሲዘል ሳምንቱ ያልቃል።

እኔ ሰባቱን ሞክሬያቸዋለሁ፤ ጥቂቱን በራሴ፣ የቀሩትን በልጆቹ ላይ። የትኛው ለማን እንደሚሆን እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

አንድን ዘዴ ከመቀበሌ በፊት አምስት ነገር እጠይቃለሁ። ለማዘጋጀት ስንት ጊዜ ይበላል? ከሳምንት በኋላ ጭንቅላት ውስጥ አለ ወይስ ተኗል? ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በአማርኛ የያዝኩት ነገር ወደ እንግሊዝኛው ስም ይመልሰኛል? ስሙን ብቻ ነው የሚይዘው ወይስ መዋቅሩን ወረቀት ላይ መሳልም ያስችለኛል? ወጪውስ?

ብዙዎቹ ዘዴዎች የሚወድቁት አራተኛው ላይ ነው። ስሙን ያስይዛሉ፣ ሥዕሉ ላይ ጥለውህ ይሄዳሉ።

ከመሸምደድ በፊት ቀንሱ

ይሄን ከዘዴዎቹ አልቆጥረውም፤ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ልጆቹ ይዘውት የሚመጡት ዝርዝር ብዙ ጊዜ አሥራ አምስት ያህል ስም አለው። እስክሪብቶ ይዘን መሰረዝ እንጀምራለን።

ፖሊኢትሊን፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊስታይሪን፣ ፖሊቪኒል ክሎራይድ። «ፖሊ» በግሪክ «ብዙ» ማለት ነው። ፖሊን ግፈፉት። የቀረው ራሱ ሞኖመሩ ነው፦ ኢትሊን፣ ፕሮፒሊን፣ ስታይሪን፣ ቪኒል ክሎራይድ። አራቱ ተሰረዙ። እንደ መቁጠሪያ ወይም እንደ ሙስባሃ አስቡት፤ ሞኖመሩ አንዱ ፍሬ ነው፣ ፖሊመሩ ክሩ ላይ የተደረደረው ሁሉ።

ቴፍሎንስ? የሞኖመሩ ስም ቴትራፍሎሮኢትሊን ነው። ቴ... ፍሎ... ን። ስሙ ራሱ ተጨምቆ ነው የተሠራው። እሱም ወጣ።

ኒዮፕሪን ከክሎሮፕሪን ይሠራል። የተፈጥሮ ጎማ ደግሞ ከአይሶፕሪን። ሁለቱም ሞኖመሮች በ«ፕሪን» ያበቃሉ፣ ሁለቱም ጎማ ይሆናሉ። «ፕሪን ካለ ጎማ አለ» ብላችሁ እለፉ። ኦርሎን፣ ያ ሹራብ የሚሠራበት ክር፣ ከአክሪሎናይትራይል ነው። ቀስ ብላችሁ ጥሩት፤ «አክ‑ሪሎን»፣ «ኦ‑ርሎን»።

ከተፈጥሮዎቹ ስታርችና ሴሉሎስ ሁለቱም ግሉኮስ ናቸው። እንጀራውም ግሉኮስ፣ የጥጡ ነጠላም ግሉኮስ። የሚለያዩት ግሉኮሶቹ እርስ በርስ በተያያዙበት አቅጣጫ ነው። የእኛ ሆድ የስታርቹን ማያያዣ ይፈታል፣ የሴሉሎሱን አይችልም። ነጠላ በልቶ የጠገበ ሰው የሌለው ለዚህ ነው። ፕሮቲን ከአሚኖ አሲድ እንደሆነ ደግሞ ከባዮሎጂ ታውቁታላችሁ።

አሁን ዝርዝሩን ተመልከቱ። ስሙ ስለ ራሱ ምንም የማይናገር የቀረው ሦስት ነው፦ ናይለን፣ ዳክሮን፣ ባክላይት። ሦስቱም ኮንደንሴሽን ፖሊመር ናቸው (ትርጉሙ ከታች ይመጣል)፣ ሦስቱም ሁለት ሁለት ግብዓት ይፈልጋሉ። ስድስት ስም። አሥራ አምስት ብሎ የፈራው ልጅ እዚህ ላይ ትንፋሹ ይመለሳል። ዘዴ የምንፈልገው በዋናነት ለእነዚህ ነው።

የመጀመሪያ ፊደል መሰብሰብ

ተወዳጁ ዘዴ ይሄ ነው፤ እኔን ያዋረደኝም ይሄው ነው። 12ኛ ክፍል ሳለሁ ከእኛ ቀድሞ ከተፈተነ ልጅ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተቀበልኩ። ሰባት ቃል ነበረው። ፈተናው ላይ አንድም ቃል ሳይጎድል መጣልኝ። አራቱ ቃላት በፒ ይጀምራሉ። የትኛው ፒ ፖሊፕሮፒሊን፣ የትኛው ፒ ፖሊስታይሪን እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ዓረፍተ ነገሩን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ምን እንደሚል የማላውቀው ኬሚስትሪው ነው።

ዘዴው ለዚህ ምዕራፍ የማይመቸው ለዚህ ነው። ግማሹ ስም በአንድ ፊደል ይጀምራል። ከአራትና ከአምስት በላይ ስም ከጫናችሁበት ይዛባል።

ግን ለትንሽ፣ ለተዘጋ ስብስብ ሲሆን የሚስተካከለው የለም። ሦስቱን የቀሩትን ውሰዱ፦ ባክላይት፣ ዳክሮን፣ ናይለን። ባ‑ዳ‑ና። «ባዳ ና!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምሩበት፦ «ባዳ ና፣ ውሃ ጠጣ።» ውሃው ጌጥ አይደለም። ኮንደንሴሽን ማለት ሞኖመሮች ሲያያዙ ትንሽ ሞለኪውል፣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ፣ እየወጣ የሚሄድበት ነው። አንዷ ዓረፍተ ነገር ሦስቱን ስም ይዛለች፣ ዓይነታቸውንም ይዛለች። ድሬ ላይ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርብለት ውሃ ስለሆነ ማንም ልጅ ሁለቴ ንገረኝ አይለኝም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ፕሮቲን፣ ስታርችና ሴሉሎስም በኮንደንሴሽን የሚሠሩ ናቸው። «ባዳ ና» ሰው ሠራሾቹን ብቻ ነው የምትጠራው።

በድምፅ ማመሳሰል

ለመያዝ የሚያስቸግረውን የባዕድ ቃል በድምፁ ከሚመስለው የራሳችሁ ቃል ጋር ታስሩታላችሁ፤ ከዚያ ሁለቱን በአንድ ምስል ታገናኛላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ አትኪንሰንና ማይክል ራው እ.ኤ.አ. በ1975 የሩሲያኛ ቃላትን ለተማሪዎች በዚህ መንገድ አስተምረው፣ ከተለመደው ሽምደዳ የበለጠ እንደሚያስይዝ አሳይተዋል። እኛ ሩሲያኛውን በኬሚስትሪ እንተካዋለን።

ዳክሮን ከኢትሊን ግላይኮልና ከቴሬፍታሊክ አሲድ ነው የሚሠራው። የውሃ ፕላስቲኩ፣ ሁላችንም ሃይላንድ የምንለው፣ ያው ራሱ ነው። ሲፈተል ዳክሮን፣ ሲነፋ ሃይላንድ። እንግዲህ፦

«ሃይላንዱ ውስጥ የተረፈው ውሃ ጋለ።»

ተረፈ፣ ቴሬፍታሊክ። ጋለ፣ ግላይኮል። ውሃው ደግሞ የሚወጣው ውሃ። ባጃጅ ውስጥ ቀትር ላይ የተረሳ ሃይላንድ የጠጣ ሰው ይሄን ዓረፍተ ነገር አይረሳውም። እኔ ካገኘኋቸው ሁሉ የምመካበት ይሄ ነው።

ናይለን 6,6 ከሄክሳሜቲሊን ዳይአሚንና ከአዲፒክ አሲድ ነው። «ሄክሳ» ስድስት ነው። ልብስ ተገዝቶ ሲመረቅ የሚባለውን አስቡ፦ «አዲስ ልብስ፣ ስድስት ጊዜ አሚን።» አዲ፣ አዲፒክ። ስድስት፣ ሄክሳ። አሚን፣ ዳይአሚን።

ባክላይት ደግሞ ከፊኖልና ከፎርማልዲሃይድ። «ፊ» እና «ፎ»። ፊፎ። ትርጉም የለውም፤ ሲጠሩት ስለሚያስቅ ይበቃል። የባክላይት ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1907 ከሠራው ከሊዮ ቤክላንድ ነው።

ሦስተኛውን መመዘኛ፣ ወደ እንግሊዝኛው ስም መመለሱን፣ የሚያሟላው በተለይ ይሄ ዘዴ ነው። ድምፁ ድልድይ ነውና። ድክመቱ? አዲፒክ አሲድን ያስታውሳችኋል፣ ምን እንደሚመስል ግን አይነግራችሁም። አንዷ ተማሪዬ «ስድስት አሚን» ብላ በኩራት ጀመረች። መዋቅሩን ስትስል በሁለቱ የአሲድ ጫፎች መሃል ስድስት ሲኤች2 ደረደረች። ጠቅላላ ካርቦኑ ስምንት ሆነባት። የአዲፒክ አሲድ ስድስት ካርቦኖች ጫፎቹን ጨምረው ነው የሚቆጠሩት፤ መሃሉ ላይ ያሉት አራት ብቻ ናቸው። በዳይአሚኑ ግን ጫፎቹ ናይትሮጅን ስለሆኑ መሃሉ ሙሉ ስድስት ነው። ይሄን ልዩነት የትኛውም ቃል አያድናችሁም። መሳል ነው።

በከተማ ውስጥ መጓዝ

የጥንት ግሪኮች ንግግር ለመሸምደድ የተጠቀሙበት ዘዴ ነው ይባላል። የምታውቁትን መንገድ በሐሳብ ትሄዳላችሁ፣ በየማቆሚያው አንድ ነገር ታስቀምጣላችሁ።

ድሬ ለዚህ የተሠራች ትመስላለች። የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ ወዲህ ከዚራ ሰፈር፣ ወዲያ መጋላ። እኔ አዲሽኑን ሁሉ ከዚራ፣ ኮንደንሴሽኑን ሁሉ መጋላ አድርጌዋለሁ። ከለገሃር እነሳለሁ። የድሮው ባቡር ፉርጎዎች ይታዩኛል፤ ፉርጎ ለፉርጎ ይያያዛል፣ የሚጎድል ነገር የለም። አዲሽን ይሄ ነው፤ መደመር። በሩ ላይ ፌስታል ተሰቅሏል፦ ፖሊኢትሊን። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቱቦ ተጋድሟል፦ ፒቪሲ፣ ያ ፖሊቪኒል ክሎራይድ። ቀጥሎ መጥበሻ የያዘ ሰው፦ ቴፍሎን። ከዚያ ደቻቱን እሻገራለሁ። ደቻቱ ብዙውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ግን የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ድሬ ውስጥ ደቻቱንና ውሃን ለይቶ አያስብም። ስለዚህ ስሻገር ውሃ አለ። ማዶው ኮንደንሴሽን ነው። ቀፊራ ገበያ ገብቼ ከሻጯ ትከሻ ላይ የናይለን ሻርፕ፣ ከልብስ ሰፊው መኪና ላይ ዳክሮን፣ ከድስት ሻጩ ዘንድ የባክላይት እጀታ አገኛለሁ።

ያምራል አይደል? እኔም በጣም ወድጄው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ለዚህ ምዕራፍ ውድ ነው። ለማደራጀት ሁለት ማታ ፈጀብኝ። የዘዴው ጉልበት ቅደም ተከተል መያዙ ላይ ነው፤ ፖሊመሮች ደግሞ ቅደም ተከተል የላቸውም። ጥያቄው «አራተኛው ማን ነው?» አይልም። የሚጠቅመው ድልድዩ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ «ከደቻቱ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» ይሄ አንድ ጥያቄ ለምድብ በቂ ነው። ሌላውን ጣልኩት።

ከሐረር መጥቶ ከእኛ ጋር ያጠና ልጅ በከዚራ ፈንታ የጀጎልን አምስት በሮች ተጠቀመ። አምስት በር፣ አምስት ፖሊመር። ልኩን አውቆ ነው፣ እሱ ከእኔ ብልጥ ነበር።

ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ መያዝ

ወጥ ቤት ግቡ። ጀሪካኑን ገልብጡት። ሥሩ ላይ በቀስት የተከበበ ሦስት ማዕዘን አለ፣ ውስጡ ቁጥር። ቢጫው የዘይት ጀሪካን ላይ ብዙ ጊዜ 2 ታገኛላችሁ። ሃይላንዱ ላይ 1። ቁጥሮቹ ፕላስቲኩ ከምን እንደተሠራ ይናገራሉ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የመጡ ናቸው።

ስድስቱን በዚህ ያዝኳቸው፦ ሦስቱ የውሃ፣ ሦስቱ የገበያ። ውሃው ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሄዳል። 1 ሃይላንድ፣ 2 ጀሪካን፣ 3 ቱቦ። ፔት (ያው የዳክሮኑ ፕላስቲክ)፣ ጠንካራው ፖሊኢትሊን፣ ፒቪሲ። ገበያውም እንደዚያው። 4 አንድ ኪሎ የሚያዝበት ስሱ ፌስታል፣ 5 ኩንታል የሚያዝበት ማዳበሪያ፣ 6 ቴሌቪዥኑ ካርቶን ውስጥ የሚመጣበት ነጭ ፎም። ልስልሱ ፖሊኢትሊን፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊስታይሪን። 7 «ሌላ» ነው። ማዳበሪያው ላይ ቁጥር ላታገኙ ትችላላችሁ፤ የፕላስቲክ ወንበር ገልብጡ፣ 5 እዚያ ይጠብቃችኋል። ፌስታሉም አንዳንዴ 4 ሳይሆን 2 ይሆናል፤ ሲታሽ የሚንኮሻኮሸው።

ቁጥሩ ፈተና ላይ ባይመጣም ዕቃው ይመጣል። «ከሚከተሉት ለቱቦ የሚያገለግለው የቱ ነው?» ዓይነት ጥያቄ በዚህ መንገድ ያጠናን ልጅ አያስጨንቀውም።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ግን ሙቀት ላይ ነው። ቴርሞፕላስቲክና ቴርሞሴቲንግን የሚያምታታ ልጅ ብዙ ነው። የድስቱን ጥቁር እጀታ ተመልከቱ። ባክላይት ነው፣ ቴርሞሴቲንግ። እሳት ሲያገኘው ይከስላል እንጂ አይቀልጥም፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ቴርሞፕላስቲኩ ጀሪካን ግን ፍም ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይጨማደዳል፣ ሲበርድ በዚያው ቅርጽ ይቀራል። ቅቤና እንቁላል በሉት። ቅቤ ይቀልጣል፣ ይረጋል፣ እንደገና ይቀልጣል። የተቀቀለ እንቁላል ወደ ኋላ አይመለስም። (ሆን ብላችሁ ፕላስቲክ አታቃጥሉ። ጭሱ መርዝ ነው፣ የፒቪሲው በተለይ።)

የግቢ ጨዋታ

ይሄን በወረቀት ማስረዳት ይከብዳል፤ ሲያዩት ግን አንድ ደቂቃ ነው። አሥር ልጆች ይነሳሉ። ሁለት ሁለት ሆነው በሁለቱም እጃቸው ይያያዛሉ። ሁለቱ የተያያዙ እጆች ድርብ ቦንድ ናቸው። «ክፈቱ!» ስል እያንዳንዱ ጥንድ አንዱን እጅ ይለቃል፣ በነፃው እጅ የጎረቤቱን ይይዛል። አሥሩም አንድ ሰንሰለት ሆኑ። ማንም አልወጣም፣ ምንም አልወደቀም። አዲሽን።

ቀጥሎ ኮንደንሴሽን። አምስቱ በሁለቱም እጃቸው ጠጠር ይይዛሉ፤ አሚኖቹ ናቸው፣ ጠጠሩ ሃይድሮጅን። አምስቱ በሁለቱም እጃቸው በሃይላንድ ክዳን ውሃ ይይዛሉ፤ አሲዶቹ ናቸው፣ ክዳኑ ኦኤች። አንድ አሚን ከአንድ አሲድ ጋር ተራ በተራ ይሰለፋሉ። እጅ ለመያዝ በእጅ ያለውን መጣል ግድ ነው። ጠጠሩ ይወድቃል፣ ውሃው ይፈሳል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። አሥር ልጅ፣ ዘጠኝ መጋጠሚያ፣ ዘጠኝ ውሃ። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ ሙቀቱ ሰልችቶት አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሰንሰለቱ እሱ ጋ ቆመ። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ከኋላ አንዷ፣ «አሃ፣ ‹ዳይ› የሚሉት ለዚህ ነው!» አለች። ዳይአሚን፣ ዳይአሲድ፤ ሁለት እጅ የሌለው ሞለኪውል ሰንሰለቱን ይቆርጣል። እኔ ለዚህ ግማሽ ሰዓት ሳብራራ ነበር፤ ኪስ የገባ እጅ ጨረሰልኝ።

ከሰባቱ ወደ መዋቅሩ የሚያደርሰው ዋናው ይሄ ነው። የሚያስይዘው ግን አሠራሩን ነው፤ ስም አያስይዝም። ብቻውን የሚያጠና ሰውም ሊጫወተው አይችልም።

ታሪክ

በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ለፈተና ያለው ጥቅም ትንሽ ነው። አንድ ታሪክ ግን ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሮይ ፕለንኬት የሚባል ኬሚስት የቴትራፍሎሮኢትሊን ጋዝ የሞላበትን ሲሊንደር ከፈተ። ጋዝ አልወጣም። ሲመዝኑት ግን ክብደቱ ባዶ አይደለም ይላል። በመጋዝ ተቆረጠ፣ ውስጡ ነጭ ዱቄት ተገኘ። ጋዙ ራሱ በራሱ ተያይዞ ቴፍሎን ሆኗል። ጋዙ ቢጠፋም ክብደቱ አልጠፋም፤ አዲሽን ውስጥ የሚወጣ ነገር የለማ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ኬሚስትሪውን ሆዱ ውስጥ ይዟል። የቀረው፣ ማን መቼ ሠራ የሚለው፣ ለጨዋታ ይሁን።

ካርድና ሣጥን

የካርቶን ቁራጭ። ፊት ለፊት «ባክላይት»፣ ከጀርባ ሁለቱ ሞኖመሮች፣ ዓይነቱና ሥዕሉ። የጫማ ካርቶን ለሦስት ትከፍላላችሁ። አዲስ ካርድ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ በየቀኑ ይጠየቃል። ከመለሳችሁት ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ በሦስት ቀን አንዴ። እንደገና ከመለሳችሁ ወደ ሦስተኛው፣ በሳምንት አንዴ። የተሳሳታችሁት ካርድ የትም ይሁን ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሐሳቡን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ሰባስቲያን ላይትነር የሚባል የጀርመን ጋዜጠኛ ነው።

አሰልቺ ነው። ልጆቹ አይወዱትም፣ እኔም አልወደውም ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የሠሩት ሙከራ አሳመነኝ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንብቦ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለን ለዚህ ነው፤ ማታውኑ ያወቅን ይመስለናል።

ስልክ ላይ ይሄንኑ የሚሠሩ ነፃ መተግበሪያዎች አሉ። ስልክ ግን መዋቅር ለመሳል አይመችም፤ መልእክት ሲገባም ጥናቱ ያበቃል። ለዚህ ምዕራፍ የካርቶኑን እመርጣለሁ። ሥዕሉን ሳትስሉ ካርዱን አትገልብጡት። ይሄን ሕግ ከጠበቃችሁ ብቻ ነው አራተኛውን መመዘኛ የሚያልፈው።

በአንድ ሰንጠረዥ

| ዘዴ | የዝግጅት ጊዜ | ከሳምንት በኋላ | ወደ እንግሊዝኛው ስም | ወደ መዋቅሩ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የመጀመሪያ ፊደል | 5 ደቂቃ | እስከ 4 እና 5 ስም ጥሩ፣ ከዚያ በላይ ይዛባል | በከፊል | የለም | የለም |
| ድምፅ ማመሳሰል | ለአንድ ስም ጥቂት ደቂቃ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | የለም | የለም |
| የከተማ ጉዞ | ሁለት ማታ | ጥሩ | ደካማ | የለም | የለም |
| የቤት ዕቃ | ግማሽ ሰዓት | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ለሙቀት ጠባይ ብቻ | የለም |
| የግቢ ጨዋታ | ግማሽ ሰዓት፣ ከሰው ጋር | በጣም ጥሩ | የለም | በጣም ጥሩ | ጠጠርና ክዳን |
| ታሪክ | 10 ደቂቃ | ጥሩ | ደካማ | ትንሽ | የለም |
| ካርድና ሣጥን | ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ 10 ደቂቃ | ከሁሉም የበለጠ | በጣም ጥሩ | ከሳላችሁ ብቻ | የካርቶን ዋጋ |

ታዲያ ለማን የቱ?

*ፈተናው ሦስት ቀን ከቀረው።* ጉዞም ሣጥንም አትጀምሩ። መጀመሪያ ቀንሱ፤ ፖሊን ግፈፉ። «ባዳ ና፣ ውሃ ጠጣ»ን፣ የጋለውን ሃይላንድ፣ ስድስቱን አሚንና ፊፎን ያዙ። የቀረውን ጊዜ በሙሉ የናይለንንና የዳክሮንን መዋቅር በመሳል ጨርሱት። የእኔን ዓረፍተ ነገር ካልወደዳችሁት የራሳችሁን ሥሩ፤ ስትሠሩት ግማሹ ይያዛል።

*ሦስት ሳምንት ካላችሁ።* ካርድ። ክርክር የለውም። ድምፅ ማመሳሰሉን ካርዱ ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፉት፤ ካርዱ ሁለተኛው ክፍል ሲደርስ ላጲስ አድርጉት። ምርኩዙ ቶሎ ካልተወሰደ እግሩ አይጠነክርም።

*ገና መስከረም ላይ ከሆናችሁ።* ዕቃ ገልብጡ። ቤት፣ ሱቅ፣ ጎሚስታ ቤት፣ ያያችሁትን ሁሉ። ምዕራፉ ሲደርስ የምትተዋወቁት ነገር ይሆናል።

*እንግሊዝኛው ለሚከብደው።* ችግሩ ኬሚስትሪው ሳይሆን ስሙ ነው። ድምፅ ማመሳሰልን አስቀድሙ፣ ስሙን ግን እየጠራችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት። በአማርኛ ብቻ የያዘው ልጅ ምርጫዎቹን ሲያነብ ይደናገራል።

*ኬሚስትሪ የማታውቁ እናትና አባት።* ካርዱን እናንተ ያዙት። ልጁ ይሳል፣ እናንተ ከጀርባው ጋር አመሳክሩ። አንዲት እናት ቡና እያፈሉ ልጃቸውን እንዲህ ሲጠይቁ አይቻለሁ። በሁለተኛው ሳምንት፣ «ፊኖሏን ረሳህ» ሲሉ ልጁ ደነገጠ።

*ትልቅ ክፍል ያላችሁ መምህራን።* ጨዋታው። ለ60 ልጅ ስድስት ሰንሰለት ይበቃል። ከቀትር በፊት አድርጉት፣ ውሃውን በደንብ አዘጋጁ፤ እርስ በርስ ሳይረጫጩ አይቀሩም።

*ነገ ፈተና ሆኖ ይሄን ዛሬ ማታ የምታነቡ ከሆነ* ደግሞ ሌላውን ሁሉ ተዉት። አዲፒክ አሲድን አንዴ ሳሉ፣ ከሁለቱ ጫፎች መሃል ያሉትን ሲኤች2ዎች ቁጠሩ። አራት ካልሆኑ እንደገና ሳሉና ተኙ።